ለሥራ የሚሆን የኪስ ባትሪ እንዴት ይመረጣል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለሙያዎች

ይህ መመሪያ በየቀኑ ባትሪ አብርቶ ለሚሠራ ሰው ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለመካኒኩ፣ ለባጃጅ ጠጋኙ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ለሚጠግነው። መብራት ሲጠፋ ብቻ ከመሳቢያ ለሚወጣ ባትሪ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም። እንጀራችሁ በእሱ ላይ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ባትሪ የሚገዛው እንዲህ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ያያል። ሱቁ ጣሪያ ላይ ያበራዋል። ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል። ይከፍላል፣ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያ ባትሪ ቻርጅ አልይዝ ይላል፤ ወይ የቻርጀር ቀዳዳው ይላላል። ከዚያ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ገንዘቡ ያሳዝናል፣ በየጊዜው እንደ አዲስ መግዛቱም ያሰለቻል።

እኔ የማምንበት መለኪያ ሌላ ነው። የሚበረክት ባትሪ ማለት የሚከፈት፣ ድንጋዩ የሚቀየር፣ በመካከለኛ ብርሃን የሥራ ቀኑን የሚውል ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ባትሪ ስል መብራቱን፣ ድንጋይ ስል ውስጡ የሚገባውን ነው።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን እዩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ባትሪ የምታበሩባቸውን ቦታዎች ልብ በሉ። የምታዩት ነገር ከዓይናችሁ ምን ያህል ይርቃል? ብሬከር ሳጥን፣ የመኪና ሞተር፣ ማጠቢያ ሥር ያለ ቧንቧ፣ ሁሉም ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ለእነዚህ ከ50 እስከ 150 ሉመን ይበቃል፤ ሉመን ባትሪው የሚሰጠው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ከዚያ ሲበዛ ብርሃኑ ከሚያብለጨልጨው ብረት ተመልሶ ዓይን ያጭበረብራል። ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ገመድ ለሚከተል ወይም ጣሪያ ላይ ያለ የሮቶ መስመር ከታች ሆኖ ለሚያይ ከ200 እስከ 300 ሉመን ጥሩ ነው። ግቢ ሙሉ ማየት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ማየት፣ ምሰሶ ላይ ያለ መስመር ማየት 500ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግን ይህ ለደቂቃዎች ነው እንጂ ለሰዓታት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ እጅ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የገባ ሲኖትራክ ሥር በጀርባው የተኛ መካኒክ በአንድ እጁ ኪያቬ፣ በሌላው ብሎን ይዟል። ባትሪውን የት ያድርገው? አብዛኛው በጥርሱ ይነክሳል። እባካችሁ ይህ ይቅር። ሊትየም ድንጋይ ከተበላሸ የሚተፋው ትኩስ ጋዝ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ሁለቱም እጅ ለሚፈለግበት ሥራ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መቀመጫው ላይ ማግኔት ያለው ባትሪ ነው፤ ሻንሲው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ሌላው አንገቱ የታጠፈ ባትሪ ነው፤ ደረት ኪስ ላይ በመቆንጠጫው (ክሊፑ) ተሰክቶ ወደ ፊት ያበራል። ለመካኒክና ለቧንቧ ሠራተኛ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው አንገቱ የታጠፈውን፣ ማግኔትም ያለውን ነው። ቀጥ ያለው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይመቻል፤ ጣት መካከል ይገባል፣ ጠባብ ቦታ ያሾልካል።

2. ድንጋዩን መርምሩ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ጊዜያችሁን የምትሰጡትም ለዚህ ይሁን።

ለሥራ ባትሪ በብዛት የሚያገለግለው የሊትየም ድንጋይ 18650 ይባላል። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ይኸው ነው። ከሱ ከፍ የሚለው 21700 ነው። 21 በ70 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (ድንጋዩ ላይ mAh ተብሎ የሚጻፈው የአቅም መለኪያ፤ ከዚህ በታች ባጭሩ ሚሊአምፔር እለዋለሁ) ገደማ ይይዛል፤ ኪስ ውስጥ ግን ይከብዳል። ትንሹ 14500 ነው፤ AA የሚባለውን ተራ ድንጋይ ያክላል፤ አቅሙ ከ1,000 ሚሊአምፔር ብዙም አያልፍም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው 18650 ልኩ ነው።

ስለ 14500 አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መጠኑ ከተራው ድንጋይ ጋር ስለሚመሳሰል ቤት ውስጥ ይደባለቃል። ተራው 1.5 ቮልት ነው፤ ይኸኛው ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። የግድግዳ ሰዓት ወይም ሬዲዮ ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ለይታችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ውሸቱ እንምጣ። ድንጋዩ ላይ «9,900 ሚሊአምፔር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው። እንዲህ ያለ 18650 የለም። ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ፓናሶኒክ የሠሯቸው ትልልቆቹ እንኳ 3,500 ሚሊአምፔር ገደማ ናቸው። ከ2,000 እስከ 3,500 የሚል ድንጋይ ቢያንስ የሚታመን ቁጥር ይዟል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሻጩን የበለጠ ብታምኑት አልፈርድባችሁም።

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። እውነተኛ 18650 ከ44 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ውሸተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ምክንያቱም ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ድንጋይ ትንሽ ነው፤ ቀሪው ባዶ ነው፤ አንዳንዱም ውስጡ ዱቄት ተሞልቶ ተገኝቷል። የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ፒያሳ አካባቢ የምታውቁት ወርቅ ሠሪ ካለ ድንጋዩን ለአፍታ ቢያስቀምጥላችሁ አይቆጣም። ሚዛኑ 30 ግራም ካለ ድንጋዩን መልሱ።

ቀጥሎ ድንጋዩ ወጥቶ ይገባ እንደሆነ እዩ። ሻጩን ጠይቁ።

«ሐጂ፣ ይሄ ድንጋዩ ይወጣል?»

«አብሽር ልጄ፣ ኦርጅናል ነው።»

«እሱስ ይሁን። እስቲ ይክፈቱልኝና ልየው።»

የኋላ ክዳኑ በእጅ ተፈትሎ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ድንጋዩ ውስጥ ታሽጓል ማለት ነው። ሊትየም ድንጋይ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል። በየማታው ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ይህ ከአሥር ወር እስከ ዓመት ተኩል ገደማ ነው። የሚቀየር ከሆነ አዲስ ድንጋይ ትገዛላችሁ፣ ባትሪው ይቀጥላል። የታሸገ ከሆነ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። ለዚህ ነው የታሸገውን ለሥራ ሰው የማልመክረው፣ መልኩ ቢያምርም፣ ዋጋው ቢወርድም።

ከተከፈተም በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ልዩ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፉ በአንድ በኩል ይሆናል፤ ባትሪውም ሌላ ድንጋይ አይቀበልም። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የተገዛ ተራ 18650 ይዛችሁ ሂዱና አስገብታችሁ አብሩት። ከበራ የደሴ ሱቅም የኮምቦልቻ ሱቅም ድንጋይ ይሆናችኋል። ካልበራ ያንን ባትሪ ከገዛችሁ የአንድ አምራች እስረኛ ሆናችሁ።

ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኮንቮይ፣ ሶፊርን ወይም ዉርኮስ የሚባሉት የቻይና አምራቾች ተራ 18650 የሚቀበሉ ባትሪዎች ይሠራሉ። ለብቻው የሚመጣ ትርፍ ድንጋይ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው ቀድማችሁ ንገሩት።

3. ስለ ሉመን እውነቱን እወቁ

ለመካኒክ በቀላሉ የሚገባ ንጽጽር አለ። ብዙ መኪና ላይ ያለው ኤች 4 አምፖል በአጭር 1,000፣ በረጅም 1,650 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ለዚያውም 55 እና 60 ዋት እየበላ። ካርቶኑ ላይ «100,000 ሉመን» የሚል የኪስ ባትሪ ስድሳ የሚያህል የመኪና ረጅም መብራት ኪሴ ውስጥ አለ እያለ ነው። እንዲህ የሚዋሽ ካርቶን ላይ ያለውን ሌላውንም ቁጥር አትመኑት።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 3,000 ሚሊአምፔር ያለው ድንጋይ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ደህና የሆነ ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። ስለዚህ በ100 ሉመን አሥር ሰዓት ያህል ትሠራላችሁ። በ1,000 ሉመን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያውም ባትሪው ስለሚሞቅ ራሱን ለመጠበቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑን ይቀንሳል። 1,000 ሉመን እየሰጠ አሥር ሰዓት የሚቆይ የኪስ ባትሪ የለም። ማንም ቢነግራችሁ።

አንዳንድ ካርቶን ላይ «ኤፍኤል 1» የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። ይህ የታወቀ የመለኪያ ደንብ ነው። ብርሃኑ የሚለካው በበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የሚቆይበት ሰዓት ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛው እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ ደንብ የተጻፈ «8 ሰዓት» ማለት ስምንት ሰዓት ሙሉ በዚያው ብርሃን ማለት አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ጭላንጭል ሊሆኑ ይችላሉ።

የብርሃን ደረጃዎቹንም እዩ። ሦስት ይበቃሉ፤ ደብዛዛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ብልጭ ድርግም የሚለው በተራ ደረጃዎቹ መካከል ከተሰነቀረ ተዉት። ባበራችሁ ባጠፋችሁ ቁጥር እሱን ማለፍ አለባችሁ፤ መሰላል ላይ ሆናችሁ ዓይናችሁ ላይ ሲንቦገቦግ ሥራ ያስቆማል። ጥሩ ባትሪ ባለፈው ያጠፋችሁበትን ደረጃ ያስታውሳል።

4. ሦስት ቁራጭ ገመድ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ

ይህችን ሙከራ ማንም አይሠራትም፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ከሁሉ በላይ ናት። ቀይ፣ ቡናማና ብርቱካናማ ገመድ ቁረጡ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ሱቁ ጨለም ባለ ጥግ ላይ አስቀምጧቸውና በባትሪው አብሩባቸው። በርካሽ ባትሪ ሰማያዊ ነጭ ብርሃን ሥር ቀዩና ቡናማው ይመሳሰላሉ፤ ጥቁሩና ሰማያዊው አንድ ይሆናሉ። ቆጣሪ ከፍቶ የቆመ ሰው እዚህ ላይ ከተሳሳተ ዋጋው ከባትሪው ይበልጣል።

ቁጥሩን ማንበብ ከፈለጋችሁ «ሲአርአይ» የሚለውን ፈልጉ። 70 ተራ ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ ቀለምን በደንብ ይለያል። የብርሃኑ ዓይነት ደግሞ በኬልቪን ይጻፋል። 6,500 ቀዝቃዛ ሰማያዊ ነጭ ነው። ከ4,000 እስከ 5,000 ያለው ወደ ቀን ብርሃን የሚቀርብ፣ ዓይን የማያደክም ነው። ቀለም የሚለየው ባትሪ በዚያው ድንጋይ ትንሽ ያነሰ ሉመን ይሰጣል። ይስጥ። መካኒኩም ይጠቀምበታል። ሞተር ላይ የወረደው ነገር ዘይት ይሁን የራዲያተር ውሃ ይሁን በቀለሙ ይለያል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሥር ግን ሁሉም ጥቁር እርጥብ ነገር ነው።

ከዚያ ባትሪውን ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩት። ለቅርብ ሥራ የምትፈልጉት የተዘረጋ፣ ለስላሳ ብርሃን ነው። መካከሉ ላይ አንድ የሚያቃጥል ነጥብ፣ ዙሪያው ጨለማ ከሆነ ለሩቅ ማያ ነው እንጂ ለብሬከር ሳጥን አይሆንም። ጭንቅላቱ ወጣ ገባ እያለ ዙም የሚያደርገው ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ግን የሚንቀሳቀሰው አንገት አቧራና ውሃ ይስባል። የፋብሪካና የግንባታ ቦታ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

5. ማሽን አጠገብ ለምትሠሩ፤ መንቀጥቀጡን ፈትሹ

በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሆነ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች ውስጥ ለምትጠግኑ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ርካሽ ባትሪ ብርሃኑን የሚቀንሰው ኤልኢዲውን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ዓይን አያየውም። የሚሽከረከር ነገር ላይ ሲበራ ግን ፍጥነታቸው ከገጠመ ሽክርክሩ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል። የቆመ መስሎት እጁን የሚሰድ ሰው ጣቱን ያጣል።

ሙከራው ቀላል ነው። ባትሪውን በመካከለኛና በደብዛዛ ደረጃ አብሩት። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ብርሃኑ ያረፈበትን ግድግዳ እዩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰንበሮች ከሮጡ ይንቀጠቀጣል። ጣታችሁንም ብርሃኑ ውስጥ በፍጥነት አወናጭፉት፤ ብዙ የተቆራረጡ ጣቶች ካያችሁ ያው ነው። ሁለቱም ካልታየ ጥሩ ነው።

6. አካሉ፣ ማብሪያው፣ ውሃው

አሉሚኒየም አካል ሙቀት ያወጣል፣ ቢወድቅ ይችላል። ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቀጥታ መስመር ያለበት ሳጥን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ጎማ የለበሰ ወይም ፕላስቲክ አካል ያለው ይሻላል። ባትሪ ደግሞ ቴስተር አይደለም፤ ገመዱን አብርታችሁ ስላያችሁት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ማግኔት ያለውን የምትመርጡ ከብየዳና ከመፍጫ ቦታ በኋላ የብረት ብናኙን ጥረጉለት፤ ብናኙ ተጣብቆ ሳጥን ውስጥ ከረገፈ መስመር ያገናኛል። የባንክ ካርዳችሁንም በዚያው ኪስ አትያዙ።

ማብሪያው በጓንት መጫን መቻል አለበት። ጓንታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሞክሩት። ኪስ ውስጥ ራሱን እንዳያበራ የሚያደርግ መቆለፊያም ይኑረው፤ ብዙዎቹ የኋላ ክዳናቸው ሩብ ዙር ሲላላ ይጠፋሉ። ከፍተኛ ብርሃን ኪስ ውስጥ በርቶ ሲቀር ጨርቅ ያሳርራል።

ውሃን በተመለከተ፣ «አይፒኤክስ 4» ከፍንጥቅጣቂ ይጠብቃል። «አይፒኤክስ 7» አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል። የደሴ ክረምት ዶፍ ለሚያገኘው፣ በተለይም ለቧንቧ ሠራተኛ፣ 7 ወይም «አይፒ 68» ይሻላል። የ«አይፒ» የመጀመሪያው ቁጥር አቧራን ነው የሚናገረው፤ 6 ከሆነ አቧራ አይገባም። ካርቶኑን ከማመን ግን ክዳኑን ፈትታችሁ ጥርሱ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩን እዩ። ቀለበት ከሌለ የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቢቻል ሁለት ቀለበት፣ ትርፍም ካርቶኑ ውስጥ።

መቆንጠጫው በብሎን የታሰረ ቢሆን ይመረጣል። ተጭኖ የገባው ይላላል፣ አንድ ቀን መሰላል ላይ ስትወጡ ባትሪውን ይጥለዋል።

ቤንዚን ታንክ ወይም ጋዝ የሸተተበት ጉድጓድ ውስጥ ተራ ባትሪ አይበራም። ለዚያ ለብቻው የተሠራ አለ።

7. ቻርጅ ማድረጊያውን ሱቅ ውስጥ ሞክሩ

ታይፕ ሲ ይሁን። የስልካችሁ ገመድ ይሆናል፣ ባጃጅ ላይ ባለው ዩኤስቢም ይሞላል። የራሱ ማግኔታማ ገመድ ብቻ የሚቀበለውን ተዉት፤ ገመዱ የጠፋ ቀን ባትሪው ሞተ።

ሁለት ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ፣ ሌላው በአንድ ጫፍ ትልቁ ዩኤስቢ የሆነ። ፓወር ባንክም ያዙ። በሁለቱም ሰኩት። ብዙ ርካሽ ባትሪ በሁለት ጫፍ ታይፕ ሲ ገመድ ቻርጅ አያደርግም፤ ውስጡ መግባት የነበረባቸው ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለተዘለሉ ነው። በሌላው ገመድ ስለሚሠራ ባትሪው አልተበላሸም። ግን እዚህ ላይ የቆጠበ አምራች ሌላም ቦታ ቆጥቧል። ስትሰኩ ቀይ መብራት ይበራል፤ ሲሞላ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይቀየራል። የተሰካውን ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ቻርጁ ከተቋረጠ ሌላ ያምጡላችሁ። የቀዳዳው የጎማ መክደኛ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው።

ቀዳዳው ቢበላሽ እንኳ ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ በውጭ ቻርጀር ይሞላል። ሁለተኛ ድንጋይ ከትንሽ ቻርጀር ጋር አብራችሁ ግዙ። ከአንድ ውድ ባትሪ ይልቅ አንድ ደህና ባትሪና ሁለት እውነተኛ ድንጋይ እመርጣለሁ። አንዱ ሥራ ላይ፣ አንዱ ቤት። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ቢውልም ሥራችሁ አይቆምም።

ዋጋ ስትከራከሩ መጨረሻ ላይ የምትጠይቁት ቅናሽ ብቻ አይሁን። የመመለሻ ቀን ጠይቁ። «ለአንድ ሳምንት ልሞክረው፣ ካልሆነ ልለውጥ» በሉ። ደረሰኙ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ቀኑን ያስፍርላችሁ። በዚህ የተስማማ ሻጭ ዕቃውን ያውቃል።

8. በሳምንቱ ውስጥ ቤት የምትሠሩት ሙከራ

ድንጋዩን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ማታ በመካከለኛ ደረጃ አብርታችሁ ግድግዳ ላይ አዙሩት፣ የጀመራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። በየሰዓቱ ስልካችሁን ባንድ ቦታ አቁማችሁ ፎቶ አንሱት። ስልኩ ራሱ ብርሃኑን እንዳያስተካክል የካሜራውን ብርሃን ቆልፉት። ጠዋት ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ስታዩ የት ላይ እንደደከመ ታውቃላችሁ። ካርቶኑ ከተናገረው ሰዓት ግማሹን ካልደረሰ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቀን የውሃ ሙከራ አድርጉ፤ «አይፒኤክስ 7» ወይም «አይፒ 68» የተባለ ባትሪ ከሆነ ብቻ። ክዳኑን አጥብቃችሁ የቻርጀሩን ቀዳዳ ዝጉና በርቶ ሳለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አኑሩት። አውጥታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ክፈቱት። ውስጡ ላብ ካለ አልቻለም።

9. አያያዝ

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። በመካከላቸው ግን የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አንዱ ጋ ብርዱ ነው የሚያስቸግረው፣ ሌላው ጋ ሙቀቱ። ለሊትየም ድንጋይ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ብርድ አቅሙን ለጊዜው ይቀንሰዋል፤ ጠዋት ከካፖርት ውስጠኛ ኪስ ካወጣችሁት ይመለሳል። ሙቀት ግን ለዘለቄታው ያስረጀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ ላይ ባትሪ አትተዉ። ከዚያ ያነሳችሁትንም እስኪበርድ ሳትጠብቁ ቻርጅ ላይ አትሰኩት።

ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ወደ ከተማው ሲወርድ ደሴ ውስጥ ባትሪ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ነጭ ግድግዳ የሚያዩ ይመስላቸዋል። ባትሪውን ከዓይን አርቃችሁ ወገብ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ደረጃውንም ቀንሱት። ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ መግባቱ ይቀንሳል፣ መንገዱም ይታያል።

ቻርጅ የምታደርጉት በነቃችሁበት ሰዓት፣ ሲሚንቶ ወለል ወይም ሴራሚክ ላይ ይሁን። ትራስ ሥርና ፍራሽ ላይ በፍጹም። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩት፤ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ኃይል ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የማትሠሩበት ድንጋይ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ሙሉም ባዶም ሆኖ አይሁን።

በየተወሰነ ጊዜ ክዳኑን ፍቱ። ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የነሐስ መልክ ያለውን መነካኪያ በአልኮል ጥጥ አጽዱ። የጎማ ቀለበቱን ሲሊኮን ግራሶ በቀጭኑ ቀቡት። ቫዝሊን አትቀቡ፤ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል። ባትሪ «ሞተ» ከሚባለው ብዙው ይህ ጽዳት ብቻ የጎደለው ነው።

ድንጋዩን ስታወጡ ላስቲኩን እዩ። የተቀደደ ላስቲክ ያለው ድንጋይ፣ በተለይ በአዎንታዊው ጫፍ በኩል፣ ከባትሪው ብረት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ትርፍ ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ አታድርጉ፤ በፕላስቲክ ሳጥን ይሁን። ከድሮ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ የምትጠቀሙ ከሆነ በመለኪያ ለኩት። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የተገኘ፣ የተጠረመሰ ወይም ሽታ ያለው አይሞላ።

ያለቀውን ድንጋይ ሁለቱንም ጫፍ በናስትሮ ሸፍኑ። ከቤት ቆሻሻ ለይታችሁ በጣሳ አስቀምጡት፤ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ አትውጉት፣ ለልጅም አትስጡ። ናስትሮው ላይ «ሞቷል» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ጋራዥ ውስጥ ያገኘው ሰው መልሶ ቻርጅ ላይ እንዳይሰካው።